ቆሻሻው የት ሄደ?

 

የዛሬውን ማስታወሻ በራሳችን ጥፋት ልጀምረው። እዚህ ዓለም ከተማ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሰባስበን የመስጂዱን ግቢ ለጁምዓ እናጸዳለን። አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ስንመጣ፣ አጥሩ ሥር ዘይት ከተቀየረለት ባጃጅ የተረፈ የተቃጠለ ዘይት ከነጄሪካኑ ተገልብጦ፣ ጥቁሩ ፈሳሽ እስከ ውዱእ ማድረጊያው ድረስ ሄዶ አገኘነው። ጊዜ አላጠፋንም። ነጭ ጋዝ ረጨንበት፣ ኦሞ በተንንበት፣ በመጥረጊያ ፈተግነው፤ ከዚያ ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳን ወደ ቦዩ ለቀቅነው። መግሪብ ሳይደርስ ሲሚንቶው አብረቀረቀ። ፎቶ አንስተን ለጓደኞቻችን ላክን፤ «ማሻአላህ» ዘነበልን።

በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ ከቁልቁለቱ በታች የሚኖሩ አንድ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ክርስቲያን ናቸው፤ ከሰርጋችንም ከለቅሷችንም የማይቀሩ ሽማግሌ። «ጋሼ፣ ደህና ዋሉ?» አልናቸው። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ግቢያችሁ አምሮበታል፣ እሰየው። ግን ቆሻሻው የት ሄደ?» አሉን። ተከትለናቸው ወረድን። ከብቶቻቸው የሚጠጡበት ኩሬ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ተንሳፏል። ላሟ አፏን ወደ ውሃው ዝቅ ታደርግና አሽትታ ትመለሳለች።

መልስ አልነበረንም። የምናውቀው ከእኛ ዘንድ መሄዱን ብቻ ነበር።

ያ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ነዳጅ ባሕር ላይ ሲፈስ ሰዎች እንዴት እንደሚያጸዱት ማንበብ ጀመርኩ። የኛ አንድ ጄሪካን እነሱ ዘንድ መቶ ሺህ ቶን ነው። ጥያቄው ግን ያው የጎረቤታችን ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት፦ ቆሻሻው የት ሄደ?

«ደግሞ እኛ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ባሕር ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። እስቲ አስቡት። ባጃጃችን የሚጠጣው ቤንዚን በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ በቦቴ በረሃውን አቋርጦ፣ የጀማን ገደል ወርዶና ወጥቶ ነው እኛ ዘንድ የሚመጣው። የኛ የዝናብ ውሃ ደግሞ ከከተማችን ቦዮች ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ይወርዳል፤ ወንጪት ከጀማ፣ ጀማ ከዓባይ ይገናኛል፤ ዓባይም ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። ከአንዱ ባሕር እንቀበላለን፣ ወደ ሌላው ባሕር እንልካለን። ቀይ ባሕር ደግሞ ለኛ ከነዳጅ መንገድም በላይ ነው። ሰሓቦች በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ባሕር ሲጠየቁ ውሃው ንጹህና የሚያጠራ፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን ነግረውናል። ንጹህ ተደርጎ የተሰጠን ነገር አማና ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ማርች 18 ቀን 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ ወደ 120,000 ቶን ድፍድፍ ነዳጅ እንደጫነች በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ኮርንዎል አካባቢ ከዓለት ተጋጨች። ጥቁሩ ነዳጅ ወደ ባሕር ዳርቻው መጣ። ሰዉ ደነገጠ፤ መንግሥትም ተጣደፈ። ከ10,000 ቶን በላይ ማሟሚያ ኬሚካል ተረጨ፤ በዋናነት የሞተርና የፋብሪካ ቅባት ለማጠብ የሚያገለግል ዓይነት ነበር። ልክ እንደኛ ነጭ ጋዝና ኦሞ ማለት ነው። ዳርቻው ነጣ። በኋላ ሳይንቲስቶች ሲመረምሩ ግን ኬሚካሉ ብዙ ፍጥረት ከነዳጁ ይበልጥ ገድሎ ተገኘ። ዓለቱ ላይ ተጣብቀው አረንጓዴውን ዝቃጭ እየጋጡ የሚኖሩት ትንንሽ እንስሳት አለቁ፤ እነሱ ሲያልቁ ዓለቱን አልጌ ዋጠው። ኬሚካል ያልነካው ዳርቻ በጥቂት ዓመታት ሲያገግም፣ በደንብ የታጠበው አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ወሰደበት። ከባሕሩ ማዶ ፈረንሳዮች የኖራ ድንጋይ ዱቄት በትነው የተንሳፈፈውን ነዳጅ ወደ ባሕሩ ወለል አሰመጡት። እሱም ከዓይን ጠፋ።

በማርች 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ውስጥ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ አፈሰሰች። ዳርቻውን ለማጽዳት ሙቅ ውሃ በከፍተኛ ግፊት ተረጨ። በቴሌቪዥን ሲታይ ደስ ይላል፤ ድንጋዩ ይነጻል። ነገር ግን ያ ሙቅ ውሃ ከነዳጁ የተረፉትን በድንጋይና በአሸዋ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ቀቀላቸው።

በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዲፕዋተር ሆራይዘን ጉድጓድ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ነዳጁም ለ87 ቀናት ፈሰሰ። ወደ 7 ሚሊዮን ሊትር በታኝ ኬሚካል ተጠቀሙ፤ ከፊሉን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ጥልቀት በታች ከጉድጓዱ አፍ ላይ ለቀቁት። በታኝ ኬሚካል ሥራው እንደ ሳሙና ነው። ነዳጁን በጣም ጥቃቅን ጠብታዎች አድርጎ ከውሃው ጋር ይቀላቅለዋል። ጥቅም የለውም አይባልም። ወፎችንና ዳርቻውን ያድናል፤ የተበተነውንም ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ ያገኙታል። ግን ነዳጁ አልጠፋም። ከላይ ተነሥቶ የዓሣ እንቁላልና ኮራል ወዳለበት ወደ ታች ሄደ። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም።

ሦስቱንም ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። አጽጂዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ኒያቸው ጥሩ ነበር። የተሳሳቱት «ንጹህ» የሚለውን ቃል «የማይታይ» ከሚለው ቃል ጋር በማምታታታቸው ነው።

ውዶቼ፣ ይህን ልዩነት የኛ ዲን ከጥንት ያውቀዋል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያን የገጠር ሰው ታሪክ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሰውየው መስጂድ ገብቶ ጥግ ላይ ሽንቱን መሽናት ጀመረ። ሰሓቦች ሊይዙት ተነሡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዳያቋርጡት፣ እንዲተዉት አዘዟቸው። ሲጨርስ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥተው በቦታው ላይ አስፈሰሱ፤ ሰውየውንም በለሰለሰ ቃል አስተማሩት። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲስ ስለ ርኅራኄ እንሰማዋለን፤ እውነትም ነው። ዑለሞች ግን ሌላም ነገር አውጥተውበታል። ሰውየው በመሃል ቢባረር ኖሮ ነጃሳው በልብሱ፣ በሰውነቱና በመስጂዱ ሌሎች ቦታዎች ሁሉ ይረጭ ነበር፤ እሱም ይጎዳ ነበር። በአንድ ቦታ የተወሰነ ትንሽ ጉዳት፣ ከተበተነ ትልቅ ጉዳት ይሻላል። ያኔ የተነሡት ሰሓቦች ቁጣቸው ለአላህ ቤት ነበር፤ ኒያቸው የጠራ ነበር። ያም ሆኖ ኒያቸው ብቻ አልበቃም፤ የሚመራው ዕውቀት አስፈለገው።

ከዚህና ከመሰሎቹ መረጃዎች ዑለሞቻችን ቃዒዳ አውጥተዋል። ጉዳት መወገድ አለበት፤ ይህ ከአምስቱ ታላላቅ ቃዒዳዎች አንዱ ነው። ከእሱ ሥር ደግሞ እነ ኢማም አስ-ሱዩጢ በመጽሐፎቻቸው ያስቀመጡት ሌላ አለ፦ ጉዳት በአምሳያው ጉዳት አይወገድም። የራሴን ቤት ጎርፍ ወደ ጎረቤቴ ቤት መምራት አልችልም። የራሴን ረሃብ እንደኔ ከተራበ ሰው እጅ እህል ቀምቼ ማስታገስ አልችልም። ጉዳቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተወገደምና።

የጠሃራን ምዕራፍ የቀራችሁ ደግሞ ስለ ጉሳላ ታስታውሳላችሁ። ፉቀሃዎች «ልብሱ ጸዳ ወይ?» ብለው ብቻ አላለፉም። ነጃሳው የታጠበበት ውሃስ? ብለው ጠየቁ። ያ ውሃ ከልብሱ ላይ ሲወርድ ቀለሙ፣ ሽታው ወይም ጣዕሙ በነጃሳው ከተለወጠ፣ እሱ ራሱ ነጃሳ ነው። አያችሁ? የጎረቤታችንን ጥያቄ ኪታቦቻችን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጠይቀውታል። እኛ ግን ስንቀራው ለፈተና ቀርተነው፣ ቦዩ ዳር ስንቆም ረሳነው። (ነዳጅ በፊቅህ ነጃሳ ነው እያልኩ አይደለም። ከዑለሞቹ የአስተሳሰብ መንገድ እንማር እያልኩ ነው።)

ታዲያ ጉዳቱን የማያዛውር ማጽዳት አለ ወይ? አለ። ፍጹም ባይሆንም አለ።

የመጀመሪያው ማገድና ማንሳት ነው። በባሕር ላይ ተንሳፋፊ አጥር ዘርግተው ነዳጁ እንዳይሰፋ ይከቡታል፤ ከዚያ ከላይ በሚገፍ መሣሪያ ያነሱታል። ያልተነሳውን ደግሞ ቅባት በሚመጥ ነገር ይመጡታል፦ በጥጥ፣ በጭድ፣ በሱፍ፣ በሰጋቱራ። ጁላይ 25 ቀን 2020 ዋካሺዮ የተባለች መርከብ በሞሪሺየስ ደሴት ኮራል ላይ ወጥታ በኋላ ወደ 1,000 ቶን ነዳጅ ስታፈስ፣ የደሴቷ ሕዝብ የመንግሥት ትእዛዝ አልጠበቀም። የደረቀ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል በጨርቅ እየሞላ፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለመንሳፈፊያ እያሰረ፣ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም አጥር ሠራ። ፀጉራቸውን ተቆርጠው የሰጡም ነበሩ፤ ፀጉር ቅባት ይይዛልና። ይህ ዘዴ ከኬሚካሉ አዝጋሚና አድካሚ ነው፤ እጅ ያቆሽሻል። ነገር ግን የሰበሰብከውን ታየዋለህ፣ ትመዝነዋለህ፣ ኃላፊነት ትወስድበታለህ። ደግሞ ያችው መርከብ ለሁለት ከተሰበረች በኋላ የፊተኛው ክፍሏ ወደ ጥልቁ ባሕር ተጎትቶ እንዲሰምጥ ተደረገ። ሕዝቡም በቁጣ አደባባይ ወጣ። ያ ሕዝብ በእጁ ነዳጅ ሲቀዳ ስለሰነበተ፣ «ከዓይን ራቀ» በሚል መልስ የሚረካ አልነበረም።

ሁለተኛው አላህ ራሱ በባሕር ውስጥ ያስቀመጣቸውን አጽጂዎች ማገዝ ነው። ነዳጅ የሚመገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ አልካኒቮራክስ የሚባለው በዓይን የማይታይ ፍጥረት ዋና ምግቡ ይኸው ነው። ነዳጅ ሲያገኝ ይበዛል፤ በልቶ ሲጨርስ ይቀንሳል። ኦክስጅንና እንደ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለ ምግብ ካገኘ ሥራው ይፈጥናል፤ አላስካ ላይ በአንዳንድ ዳርቻዎች ማዳበሪያ የበተኑት ለዚህ ነበር። ማዳበሪያው ከበዛ ግን እሱም ውሃውን ይበክላል፤ ነዳጁ ውስጥ ያለውን ከባድ ሬንጅ መሰል ክፍልም እነዚህ ፍጥረታት በቀላሉ አይጨርሱትም። እዚህ ላይ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ዑለሞች ኸምር በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ ከተለወጠ ንጹህ ይሆናል ይላሉ፤ ምክንያቱም ቦታ አልቀየረም፣ ራሱን ለወጠ። ኢስቲሓላ ይሉታል። እነዚያ ረቂቅ ፍጥረታትም ነዳጁን አይደብቁትም፤ ወደ ውሃ፣ ወደ አየርና ወደ ራሳቸው አካል ይለውጡታል። ሱብሓነላህ! ማንም ፎቶ የማያነሳቸው ሠራተኞች።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ሳይፈስ መያዝ ነው። ሰይፈር የተባለችው አሮጌ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነዳጅ ይዛ ከየመን ሑደይዳ በስተሰሜን ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ ነበር። ከኤክሶን ቫልዴዝ አራት እጥፍ ማለት ነው። ብትፈነዳ የየመን ዓሣ አጥማጆችን፣ የማዶውን የኛን አፍሪካ ዳርቻ፣ ነዳጅና እህል የሚገባበትን ወደብ ሁሉ ትነካ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ አሰባሰበ፤ ተራ ሰዎች እንኳ በግል አዋጡ። ጁላይ 25 ቀን 2023 ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ መገልበጥ ተጀመረ፤ ኦገስት 11 ቀን ተጠናቀቀ። ቢፈስ ማጽጃው ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ስንቶቻችን ይህን ዜና ሰማን? ያልፈሰሰ ነዳጅ ቪዲዮ የለውም። ዑለሞቻችን ሰድ አዝ-ዘራኢዕ የሚሉት፣ ወደ ጥፋት የሚወስደውን በር አስቀድሞ መዝጋት፣ ሁልጊዜም ጭብጨባ የሌለው ዒባዳ ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይቀራል። ማዕበሉ ከባድ ቢሆን፣ አጥሩ ባይዝ፣ ነዳጁ ዓሦች ወደሚራቡበት ጥልቀት የሌለው የማንግሩቭ ደን እየገሰገሰ ቢሆንስ? ያኔ ጥልቁ ባሕር ላይ ኬሚካል መርጨት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሸሪዓችንም ሁለት ጉዳቶች ሲገጥሙ ቀላሉን መምረጥ ይፈቅዳል። እኔ ኬሚካል ሁሉ ሐራም ነው አልልም። ግን ይህ ፈቃድ ሁለት ግዴታ አለው ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ስሙን በትክክል መጥራት። «አጸዳን» ሳይሆን «ጉዳት መርጠን ጎዳን፤ የመረጥነውም በዚህ ምክንያት ነው» ማለት። ሁለተኛ፣ «ቀላሉ ጉዳት» ሲባል ለማን ነው የቀለለው ብሎ መጠየቅ። የኛ የሐሙስ ውሳኔ ለኛ በጣም ቀላል ነበር። ከቁልቁለቱ በታች ያለውን ሰው ግን አልጠየቅነውም። ሚዛኑን የያዘው ሰው ጉዳቱ የማይደርስበት ሲሆን፣ የራቀው ጉዳት ሁልጊዜ ቀላል ሆኖ ይታየዋል።

«ግን እኮ አላወቅንም ነበር፤ ኒያችን ጥሩ ነበር» የሚለው መከራከሪያ በኛም ልብ ውስጥ ተመላልሷል። እውነት ነው፣ ሥራ በኒያ ነው፤ ባለማወቅ ያጠፋ ሰው ወንጀል የለበትም። ነገር ግን ፊቅህ እዚህ ላይ አያቆምም። የሰው ዕቃ በስህተት የሰበረ ሰው ኃጢአተኛ ባይባልም ይክሳል። ዶማን አለበት። ኒያ በአላህ ፊት ያለውን ሒሳብ ያቀልልሃል፤ የጎረቤትህን ላም ጥም ግን አይቆርጥም።

ስለዚህ ወረድን። በኩሬው ላይ ጭድ በትነን ቅባቱን እየመጠጥን በወንፊት አነሳን። ከቦዩ የጠቆረውን አፈር ዛቅን። ኩሬው እስኪጠራም ለጋሼ ከብቶች በጄሪካን ውሃ ተሸከምን፤ ያን ቁልቁለት ባዶ እጅ መውረድና ውሃ ተሸክሞ መውረድ አንድ እንዳልሆነ ትከሻችን ተማረ። ቅባት የጠጣውን ጭድና አፈር ክዳን ባለው በርሜል አድርገን በመስጂዱ ጓሮ፣ ዝናብ በማያገኘው ጥግ አስቀመጥነው። ከጎኑ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ አለ። አሁን ዘይት ሲፈስ መጀመሪያ ሰጋቱራ ይነሰነስበታል፣ ይጠረጋል፣ በርሜል ይገባል፤ ውሃ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ባጃጅ ለሚነዱ ወንድሞቻችንም የተቃጠለ ዘይታቸውን የሚያጠራቅሙበት ጄሪካን ሰጠናቸው። በርሜሉ አያምርም። እንግዳ ሲመጣ ያፍረናል። ነገር ግን ቆሻሻው የት ሄደ ብሎ የሚጠይቀን ካለ እጃችንን ዘርግተን የምናሳየው ቦታ አለን።

ይህን ስጽፍ ስለ ዘይት ብቻ እያሰብኩ አይደለም። በሰው ክብር ላይ በአደባባይ ጽፈን፣ ነገሩ ሲመጣብን ጽሑፉን አጥፍተን «ጸዳሁ» የምንል ስንቶቻችን ነን? ገጻችን ጸዳ። ሐሜቱ ግን በስንት ሰው ልብ ውስጥ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ተበትኗል? ተውባ ከዓይን ማራቅ አይደለም። የሰው ሐቅ ያለበት ወንጀል፣ ባለሐቁ ዘንድ ወርደን እስክንመልሰው ድረስ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

አላህ በሱረቱ አር-ሩም 41ኛው አንቀጽ በየብስም በባሕርም የታየው ብልሽት የሰው እጅ የሠራው መሆኑን ይነግረናል፤ የሥራችንን ከፊል የሚያቀምሰንም እንድንመለስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ክፍሎች አንዱ መሆኑን አስተምረውናል። ከኔ መንገድ አንስቼ በሌላው መንገድ ላይ ካስቀመጥኩት ግን አላነሳሁትም።

በዚህ ጁምዓ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ፣ በረሱል ላይ ሰለዋት አብዝታችሁ ስትጨርሱ፣ ከቤታችሁ ወይም ከሥራ ቦታችሁ የሚወጣውን ቦይ አንድ ጊዜ ተከትላችሁ ውረዱ። መጨረሻው ላይ ማን እንደሚኖር እዩ። ሰላምታም አቅርቡለት።

ያ አላህ፣ ውጫችንንም ውስጣችንንም አጥራልን። ለሌላው ሸክም ከሚሆን ንጽሕና ጠብቀን። የጎዳነውን የምንክስበት ትከሻና ከመጉዳት በፊት የምንጠይቅበት ልብ ስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።